በሲሚንቶ መሠረት ላይ የጣውላ ወለል ስለ ማንጠፍ

«ውሃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለክርክርና ለሽምግልና ብቻ የተነገረ ይመስለን ይሆናል። ዳሩ ግን ቤት ለሚሠራ ሰው፥ ይልቁንም የቤቱን ወለል በእንጨት ለማስጌጥ ለሚያስብ ሰው፥ ከዚህ የተሻለ ምክር አይገኝም። የጣውላ ወለል በላዩ ሲያዩት የአናጢው የእጅ ሥራ ብቻ ይመስላል፤ ዕድሜውን የሚወስነው ግን ከሥሩ ያለው ሲሚንቶና በሲሚንቶው ውስጥ የተሰወረው ውሃ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ጣውላን በሲሚንቶ መሠረት ላይ ስለ ማንጠፍ፥ ከሁሉም ይልቅ ከማንጠፍ አስቀድሞ ስለሚያስፈልገው ትዕግሥት፥ ለክቡራን አንባብያን ጥቂት ነገር ለመግለጽ እንወዳለን።

ወለልን በእንጨት መሸፈን ዛሬ የተጀመረ ጥበብ አይደለም። ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደስን ባሠራ ጊዜ ግድግዳውን በዝግባ፥ ወለሉን በጥድ ሳንቃ እንደ ሸፈነ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፎ ይገኛል። በአገራችን ግን ብዙው ሕዝብ የኖረው በተደለደለ አፈር ላይ ነው፤ ያም ወለል በየጊዜው በእበት እየተለቀለቀ፥ በበዓል ቀን ቄጤማ እየተጎዘጎዘበት፥ ለብዙ ዘመን የቤት ክብር ሆኖ ኖሯል። ኋላም ሲሚንቶ መጣ። ጆሴፍ አስፕዲን የተባለው እንግሊዛዊ ግንበኛ ፖርትላንድ ብሎ ለሰየመው ሲሚንቶ የፈጠራ መብት ያወጣው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1824 ዓመት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ግራጫ ዱቄት ዓለምን ዞሮ የእኛንም ቤት ወለል ሊሾ አድርጎታል።

ሊሾ ጽኑ ነው፤ ለማጠብም ይመቻል። ነገር ግን በደጋ አገር ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያድራል፤ በላዩ የሚድኸው ሕፃንና ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። እንጨት ግን የእግርን ሙቀት ቶሎ ስለማይወስድ፥ የእርምጃንም ድምፅ ስለሚያለዝብ፥ ለዓይንም ስለሚያምር፥ አቅም ያለው ሰው ሁሉ ሊሾውን በጣውላ ለመሸፈን ቢመኝ አይፈረድበትም። የሚያሳዝነው ብዙ ገንዘብ ፈስሶበት በጥር ወር የተመረቀ ወለል በነሐሴ አብጦ ከመሠረቱ ተነሥቶ፥ በሩም አልከፈት ብሎ ሲገኝ ነው። ይህ የሚሆነው በእንጨቱ ክፋት ወይም በአናጢው ስንፍና ብቻ እንዳይመስለን፥ አስቀድመን የሁለቱን ነገሮች ጠባይ፥ የእንጨትንና የሲሚንቶን፥ እንመርምር።

እንጨት ከተቈረጠና ከተሰነጠቀ በኋላም ከአየሩ ጋር ያለው ጉዳይ አይቋረጥም። የአየሩ ርጥበት ሲበዛ ውሃ ይጠጣል፥ ያብጣልም፤ አየሩ ሲደርቅ የጠጣውን ይመልሳል፥ ይኰማተራልም። ይህን ጠባዩን ቀለምና ቫርኒሽ ያዘገዩታል እንጂ አያስቀሩትም። በቤት ውስጥ ያለው የአየር ርጥበት ከመቶ 50 በሆነ ጊዜ፥ እንጨት ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ 9 ያህል ውሃ ይዞ ይረጋል፤ የአየሩ ርጥበት ወደ 75 ከፍ ባለ ጊዜ ግን በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ ወደ 14 ይደርሳል። የእንጨት ርዝመት በዚህ ምክንያት እምብዛም አይለወጥም፤ የሚለወጠው ወርዱ ነው።

ይህ ለውጥ ትንሽ የሚመስለው ሰው ቢኖር ሒሳቡን አብሮን ይቍጠር። በውጭ አገር ለወለል እጅግ የተለመደው ኦክ የሚባለው እንጨት፥ እንደ ተለመደው በጠፍጣፋው ከተሰነጠቀ፥ 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው አንዱ ጣውላ በውስጡ ያለው ውሃ ከመቶ በ1 በተለወጠ ቍጥር በወርዱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ጥቂት በለጥ ብሎ ይሰፋል ወይም ይጠብባል። ርጥበቱ ከመቶ በ4 ቢጨምር አንዱ ጣውላ 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይሰፋል ማለት ነው። ወርዱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያሉ 40 ጣውላዎች ጎን ለጎን ይነጠፋሉ፤ ሁሉም በአንድነት ቢሰፉ ጠቅላላው 6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይኸውም ሦስት ጣት ያህል ነው። እንግዲህ ጣውላው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተጣብቆ የተነጠፈ ከሆነ፥ ይህ ሦስት ጣት ወዴት ይሄዳል? ወደ ላይ ከመነሣት በቀር መንገድ የለውም።

የሲሚንቶ ጠባይ ደግሞ ከዚህ ይለያል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃው ከውስጡ ስለ ወጣ አይደለም፤ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ወደ ድንጋይነት ስለ ተለወጠ ነው እንጂ። ነገር ግን ለመዋሐድ የሚበቃው ውሃ ከሲሚንቶው ክብደት ሩብ ያህል ሲሆን፥ ሠራተኛው ለማቡካትና ለማፍሰስ እንዲመቸው የሚጨምረው ከዚያ እጥፍ ይደርሳል። ለምሳሌ በአንድ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ላይ 25 ሊትር ውሃ ቢጨመር፥ ግማሹ ያህል በሲሚንቶው ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ የቀረው 12 ሊትር ያህል ግን ቀስ በቀስ ወደ አየር መውጣት ያለበት ትርፍ ነው። አንድ ሰፊ አዳራሽ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው፥ በወለሉ ውስጥ ስንት በርሜል ውሃ ተሸሽጎ እንደሚቀመጥ በዚህ ሊገምት ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መሐንዲሶች የሲሚንቶን ጥንካሬ የሚመዝኑት በ28ኛው ቀን ስለ ሆነ፥ 28 ቀን ያለፈው ወለል ሁሉ ለጣውላ የተዘጋጀ ይመስላል። ነገር ግን ጥንካሬ ሌላ ነው፥ ድርቀትም ሌላ ነው። መልካም አየር በሚመላለስበት ቤት ውስጥ የሲሚንቶ ወለል እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ድረስ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር አንድ ቀን እንደሚያስፈልገው ይታሰባል፤ ስለዚህ ባለ 5 ሳንቲ ሜትሩ 50 ቀን ይፈልጋል። ከዚያ በላይ የወፈረው ግን ጊዜው ይበልጥ ይረዝማል፤ የ10 ሳንቲ ሜትር ወለል 4 ወርና ከዚያም በላይ ቢቈይ ሊያስደንቅ አይገባም። ይህም ቀን የሚቈጠረው ሲሚንቶው ለጥንካሬው ውሃ መጠጣቱን ከጨረሰ፥ ጣራውም ከተከደነ፥ መስኮቱም ከተገጠመ በኋላ ነው። በመካከሉ ዝናብ ከገባበት ቍጥሩ እንደ ገና ይጀመራል።

በዚህ ላይ ከምድር የሚመጣ ርጥበት አለ። በምድር ቤት የፈሰሰ ሲሚንቶ ከሥሩ የውሃ መከላከያ ካልተነጠፈለት፥ ከአፈሩ የሚነሣው ርጥበት ዘወትር በውስጡ ወደ ላይ ያልፋል፤ እንዲህ ያለው ወለል መቶ ዓመት ቢቈይ ስላረጀ ብቻ ደረቀ አይባልም። ስለዚህ አዲስ ቤት የሚያሠራ ሰው ከድንጋዩ ድልዳል በላይ፥ ከሲሚንቶው በታች፥ ወፍራም ላስቲክ እንዲነጠፍ ከመጀመሪያው ማዘዝ ይገባዋል። በቤቱ ዙሪያም የጣራው ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ የሚሄድበት ቦይ መቈፈር፥ መሬቱም ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲያዘነብል መደረግ አለበት። በደጅ የቆመው ውሃ በጓዳ ያለውን ጣውላ ማበላሸቱ አይቀርምና።

እንግዲህ ሲሚንቶው መድረቁ በምን ይታወቃል? በእጅ በመዳሰስ አይታወቅም። ላዩ ደርቆ ነጭ ሆኖ ሳለ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላልና። ማንም በቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ፈተና ይህ ነው፤ ወርዱም ርዝመቱም 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ በወለሉ ላይ ዘርግቶ አራቱን ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በሚጣበቅ ጥቅልል ማሸግና ቢያንስ 16 ሰዓት መተው ነው። ላስቲኩ ሲነሣ ከሥሩ የውሃ ጤዛ ቢታይ ወይም ሲሚንቶው ጠቍሮ ቢገኝ ወለሉ ገና ነው። ነገር ግን ምንም ባይታይ «ደርቋል» ብሎ መፍረድ አይቻልም። ይህ ፈተና እርጥቡን ያጋልጣል እንጂ ለደረቁ ምስክር ሊሆን አይበቃምና። እርግጠኛው መንገድ በሲሚንቶው ውስጥ ጠባብ ቀዳዳ በስቶ፥ ጥልቀቱንም ከውፍረቱ ከመቶ 40 አድርጎ፥ የርጥበት መለኪያ መሣሪያ ማግባት ነው። መለኪያው ከመቶ 75 ወይም ከዚያ በታች ባሳየ ጊዜ ጣውላ ለማንጠፍ ይቻላል። የእንጨቱም ርጥበት ሁለት መርፌ ባለው ትንሽ መሣሪያ ይለካል። መሣሪያዎቹን መግዛት ባያስፈልግ እንኳ ያለውን ባለሙያ ለአንድ ቀን መጥራት ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነገር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ወቅትን መምረጥ ይገባል። በአዲስ አበባና ይህን በመሰለው ደጋ አገር ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፥ በጋው ደግሞ አየሩን እጅግ ያደርቀዋል። በነሐሴ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ሳለ የተነጠፈ ጣውላ በጥር ሲኰማተር በየመካከሉ ክፍተት ይታያል። በየካቲት አጥንቱ እስኪቀር ደርቆ ሳለ ተጣብቆ የተነጠፈ ደግሞ ክረምት ሲገባ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ መካከለኛውን መያዝ ይሻላል፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ 11 ወይም 12 ሲሆን ቢነጠፍ፥ በበጋ ቢኰማተርም በክረምት ቢሰፋም ለውጡ በሁለቱም በኩል የተመጠነ ይሆናል። ለዚህም ጣውላው ግንበኛውና ለሳኙ ሥራቸውን ጨርሰው ከወጡ በኋላ ወደሚነጠፍበት ክፍል ገብቶ፥ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ ተደርድሮ፥ አየር እየነፈሰው ሁለት ሳምንት ያህል መቀመጥ አለበት። ዋናው ግን የቀኑ ብዛት አይደለም፤ መለኪያው የሚያሳየው ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

1ኛ፤ ወለሉ መስተካከሉን መመርመር ያስፈልጋል። ቀጥ ያለ የ2 ሜትር እንጨት በየአቅጣጫው ሲጋደምበት ከሥሩ ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ክፍተት እንዳይገኝ ነው። ጉብታው ይፋቃል፥ ጎድጓዳውም ይሞላል፤ የተሞላውም እንደ ገና ይደርቃል።

2ኛ፤ በተጠረገው ሲሚንቶ ላይ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል። አንዱ በሌላው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ተደራርቦ መጋጠሚያው ይታሸጋል፤ ጠርዙም በግድግዳው ላይ ጥቂት ከፍ ይላል፤ በኋላ በዞኮሎው ይሸፈናልና።

3ኛ፤ በላስቲኩ ላይ ሞራሌ ይደረደራል። ሞራሌው የደረቀና የምስጥና የነቀዝ መከላከያ የተቀባ መሆን አለበት፤ ይልቁንም ምስጥ በሚበረታበት በቆላና በወይና ደጋ አገር ይህ ሊዘነጋ አይገባም። ጣውላው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው ከአንዱ ሞራሌ መካከል እስከ ሌላው መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ ከራቀ ጣውላው ሲረገጥ ይለምጣል፥ ይጮኻልም። ሞራሌው በፊሸርና በብሎን ከሲሚንቶው ጋር ሲታሰር ላስቲኩ የተበሳበት ቦታ ሁሉ በሬንጅ ወይም በሌላ ማሸጊያ መደፈን አለበት። የታሸገ ላስቲክ አንድ ቀዳዳ ቢቀርበት ርጥበት መንገዱን ያገኛልና።

4ኛ፤ ጣውላው ሞራሌውን አቋርጦ ይነጠፋል። ወርዱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው፤ ሰፊው ጣውላ ለዓይን ቢያምርም ሲያብጥና ሲኰማተር ለውጡ በአንድ ስፍራ ጐልቶ ይታያል። ጎንና ጎኑ ወንድና ሴት ሆኖ የተሠራው ጣውላ አንዱ በሌላው ውስጥ ስለሚገባ፥ ሚስማሩ በወንዱ በኩል አግድም ተመትቶ በሚቀጥለው ጣውላ ይሸፈናል፤ ከላይ አይታይም። የጣውላው ራስና ራስ የሚገናኘው በሞራሌ ላይ ይሁን፤ መጋጠሚያውም ከረድፍ ወደ ረድፍ እየተፈራረቀ ይሂድ እንጂ በአንድ መሥመር አይሰለፍ።

5ኛ፤ በአራቱም ግድግዳ ሥር፥ በዓምድና በበር መቃን ዙሪያም፥ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሚሆን ባዶ ስፍራ ይተዋል። ክፍሉ እጅግ ሰፊ ከሆነ ወይም ጣውላው በደረቁ ወቅት ከተነጠፈ ከዚያ ይጨመራል፤ በጣውላና በጣውላ መካከልም በየጥቂት ረድፉ የቀጭን ወረቀት ያህል ክፍተት ይተዋል። ይህን ባዶ ስፍራ ብዙ ባለ ቤት የአናጢ ጉድለት መስሎት «ለምን አልደረስክበትም?» ብሎ ይቈጣል፤ ነገር ግን ያ ቦታ የእንጨቱ መተንፈሻ ነው። በላዩ ዞኮሎ ሲገጠም አይታይም። ዞኮሎውም የሚቸነከረው በግድግዳው ላይ እንጂ በወለሉ ላይ አይደለም፤ በወለሉ ላይ ከተቸነከረ የተተወው ክፍተት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከሞራሌ ሌላ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ጣውላውን ለዚሁ በተሠራ ኮላ በቀጥታ ከሲሚንቶው ጋር ማጣበቅ ነው። ይህ መንገድ የወለሉን ከፍታ ስለማያበዛ በሩ ዝቅ ላለበት ቤት ይመቻል፤ ነገር ግን የሲሚንቶው ድርቀት ፍጹም መሆን አለበት። ከውሃ ጋር የተበጠበጠ የተራ አናጢ ኮላ ለዚህ አይሆንም፤ እርሱ ራሱ ጣውላውን ያረጥበዋልና። ሁለተኛው ኮምፔንሳቶ በላስቲክ ላይ አንጥፎና ከሲሚንቶው ጋር አስሮ ጣውላውን በእርሱ ላይ መቸንከር ነው። ከሦስቱ የሚሻለውን የቤቱ ሁኔታ ይወስነዋል፤ ለሦስቱም ግን የድርቀቱ ሕግ አንድ ነው።

ስለ እንጨቱ ዓይነት በአጭሩ እንናገር። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ባሕር ዛፍ ጠንካራና በብዛት የሚገኝ ቢሆንም በአግባቡ ካልደረቀ ይጣመማል፥ ይሰነጠቃልም። ዝግባ ለመላግ ይመቻል፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለ ሆነ የወንበር እግርና የጫማ ተረከዝ ቶሎ ይጎዳዋል። ዋንዛ መልኩ ያማረ ነው። ዳሩ ግን ዋንዛና ዝግባ፥ ጥድና ኮሶም በደናችን እየመነመኑ የሄዱ ዛፎች ናቸውና የሚገዛው ሰው ከየት እንደ ተቈረጠና በሕጋዊ መንገድ እንደ መጣ ሳይጠይቅ መግዛት አይገባውም። የአንድ ቤት ጌጥ የአገር ደን መራቈት ምክንያት እንዳይሆን ማሰብ የአስተዋይ ሰው ፈንታ ነው።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ውሃና ስለ እንጨት ነው፤ ከዚህ በኋላ ስለ ሰው እንናገር። ይህን የሚጽፈው ሰው ሥራው የክርክር መዝገብ መጻፍ ስለ ሆነ፥ በባለ ቤትና በአናጢ መካከል የሚነሣው ጠብ እንዴት እንደሚጀመር ያውቃል። ነገሩ ዘወትር አንድ ዓይነት ነው። ባለ ቤቱ በጥር ወር ልጁን ሊድር አስቧል፤ ሲሚንቶው የፈሰሰው በኅዳር ነው። አናጢው «ጌታዬ፥ ወለሉ ገና አልደረቀም፤ ሰርጉ በሌላ ስፍራ ቢሆንስ?» ይላል። ባለ ቤቱም «እጄን ባሳርፍበት ደረቅ ነው፤ ይልቅስ አንተ ሥራህን ሥራ» ይላል። አናጢው እንጀራው ነውና ዝም ብሎ ያነጥፋል። ሰርጉም በደስታ ያልፋል፤ እንግዳው ሁሉ ወለሉን ያመሰግናል። በሚያዝያ የጣውላው ጠርዝ ከመካከሉ ከፍ ይላል፤ በሐምሌ ወለሉ ይነሣል፤ በጥቅምት ሁለቱ በዳኛ ፊት ይቆማሉ።

በዚያም ባለ ቤቱ «እንጨትህ እርጥብ ነበር» ይላል፤ አናጢውም «ሲሚንቶህ እርጥብ ነበር» ይላል። ሲሚንቶው በየትኛው ቀን እንደ ፈሰሰ የተጻፈ የለም፤ በዚያን ቀን ርጥበቱን የለካ የለም፤ አናጢው የተናገረውን የሰማ ምስክር የለም። ሁለቱም በከፊል እውነት ይዘው ሳለ እውነቱን የሚያስረዳ አንድ ወረቀት እንኳ አይገኝም። የሚበዛውን ጊዜ የሚጎዳው ደግሞ ድኻው ነው። ባለ ቤቱ ወለሉን ሌላ ጊዜ ያሠራ ይሆናል፤ አናጢው ግን የሁለት ወር ድካሙንና የሙያውን ስም ያጣል። የጌታው ችኰላ ያመጣውን ዕዳ ሠራተኛው እንዲከፍል ማድረግ ግፍ ነው፤ ግፍም መሆኑ የሚቀረው በጣውላ ስለ ተሸፈነ አይደለም።

ይህን ለማስቀረት መንገዱ ቀላል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሥራ ውል የደነገገው ሰዎች ሥራቸውን አስቀድመው በቃል ኪዳን እንዲያስሩ ነውና፥ ሁለቱ ወገኖች ጣውላው ከመነጠፉ በፊት አንዲት ወረቀት ይጻፉ። በወረቀቲቱም ሲሚንቶው የፈሰሰበት ቀንና ውፍረቱ፥ በማንጠፊያው ቀን ሁለቱም ባሉበት የተለካው የሲሚንቶና የእንጨት ርጥበት፥ እንጨቱን የገዛው ማን እንደ ሆነ፥ ዓይነቱና ወርዱም ይጻፍ። ባለ ቤቱ መለኪያው ሳይፈቅድ «ጀምር» ብሎ ቢያዝ፥ አናጢው አለመስማማቱ ይመዝገብ፤ የሚመጣውም ጉዳት የአዛዡ መሆኑ ይታወቅ። በአንጻሩ መለኪያው ፈቅዶ ሳለ ወለሉ በሥራ ጉድለት ቢበላሽ አናጢው ያስተካክል። ከዋጋውም ጥቂቱ በሁለቱ ስምምነት አንድ ክረምት እስኪያልፍ በእምነት ቢቀመጥ ሁለቱም ወገን ይጠበቃል። የወለል እውነተኛ ፈታኙ ክረምት ነውና።

ሥራው ካለቀ በኋላ ወለሉ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ጀምሮ እስከ ለስላሳው ይፋቃል፤ አቧራው በደንብ ተጠርጎም ሁለት ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ይቀባል። ከዚያ ወዲያ ጥበቃው በቤቱ እመቤትና በቤተ ሰቡ እጅ ነው። የጣውላ ወለል እንደ ሊሾ በባልዲ ውሃ አይታጠብም፤ በለስላሳ መጥረጊያ ይጠረጋል፥ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅም ይወለወላል። በበዓል ቀን ቄጤማ መጐዝጐዝ የቆየ ልማዳችን ስለ ሆነ አይቅር፤ ነገር ግን እርጥብ ሣር በጣውላ ላይ ውሎ ካደረ እድፍ ይተዋልና ከሥሩ ሰሌን ወይም ምንጣፍ ይዘርጉለት። ቡና ሲፈላም ከምድጃው ሥር ፍም የማያሳልፍ ሰፊ ትሪ ይቀመጥ። የአበባ ሸክላ ያለ ማስቀመጫ በጣውላ ላይ አይቁም። በማድ ቤትና በመታጠቢያ ቤት ግን ጣውላን ከማንጠፍ ይልቅ ሸክላ ንጣፍ ይሻላል።

ይህም ሁሉ ተደርጎ የአንዳንዱ ጣውላ ጠርዝ ከፍ ብሎ መካከሉ ቢጎደጕድ፥ ከሥር ርጥበት እንዳለ ምልክት ነውና ወዲያው ለመላግ መቸኰል አይገባም። አስቀድሞ የርጥበቱን ምንጭ መፈለግ ይገባል፤ የፈነዳ ቧንቧ፥ የተዘጋ ቦይ፥ ወይም የተቀደደ ላስቲክ ሊሆን ይችላል። ምንጩ ከተደፈነ በኋላ ጣውላው በጥቂት ወር ውስጥ ደርቆ በራሱ ሊመለስ ይችላል። ገና እርጥብ ሳለ ከፍ ያለው ጠርዝ ተልጎ ቢስተካከል ግን፥ ሲደርቅ መካከሉ ጐብጦ ጠርዙ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ አንዱን ጉዳት ሁለት ማድረግ ይሆናል።

እንግዲህ ቤት የሚያሠሩ ክቡራን አንባብያን አናጢን ከመጥራታቸው በፊት ቀን ይቍጠሩ፤ ድግስን ከመቅጠራቸው በፊት ርጥበትን ያስለኩ፤ የሠራተኛውንም ቃል ከእጃቸው ይልቅ ይመኑ። ሲሚንቶ የሚደርቀው በትእዛዝ ሳይሆን በጊዜ ነው፤ ማንም ባለ ሥልጣን ሊያፈጥነው አይችልም። የ50 ቀን ትዕግሥት የሠሩበት ወለል ለልጅ ልጅ ሲተርፍ፥ ያልታገሡበት ግን አንድ ክረምት አይሻገርም። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፥ ያበጠ ጣውላ ግን ከመነቀል በቀር መድኃኒት የለውም።